ከንፈሩ ያልተቀደደ ዓሣ

«አልሰማንም!» አለ አበጋዝ። ድምፁ ማጀት ድረስ ይሰማ ነበር። «አንቱም ምንም አላሉም፣ እኛም ምንም አልሰማንም። አባ፣ ይባርኩልንና ጽዋው ይከፈት። ወጡ ቀዘቀዘ።»

«ሰምታችኋል» አሉ አያ ቸኮል። «በነሐሴ ወይራው ሥር ካለው ኩሬ ብርብራ የጨመርሁ እኔ ነኝ አልሁ። ይድገሙት ካላችሁኝ እደግመዋለሁ።»

«ኧረ አይድገሙት!»

ቄሱ መስቀላቸውን እንዳነሡ ቀርተው ነበር። ወደ አበጋዝ አዩ፤ ወደ አያ ቸኮል አዩ፤ ከዚያ መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። «እኔ የተጠራሁ ልባርክ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ለልጅዎ ብለው ነው!» አለ አበጋዝ። የወሩ ተራ የእሱ ነበርና ቤቱም ድግሱም የእሱ ነው። «ልጅ የሌለው ማን አለ እዚህ ቤት? እኔ ብሆን ጉማራን ከምንጩ አሰክረው ነበር!»

«ደመቀስ ለማን ብሎ ነበር?» አሉ አያ ቸኮል።

ሁላችንም ገበታውን አየን እንጂ እርስ በርሳችን አልተያየንም። ገበታው ላይ ዓሣ ነበር።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። አያ ቸኮል ማረፋቸውን የሰማሁት ግን በቅርቡ ከገሳይ ገበያ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። አህያ ከሚነዳ እህል ነጋዴ ጋር ተገናኝተን ጨዋታ ስንይዝ፣ «ያ የጉማራው ሽማግሌ፣ ብርብራ የጨመረው፣ ሞተ አሉ» አለኝ።

«የትኛው?» አልሁት፣ እያወቅሁ።

«ያ ዓሣውን የፈጀው ነዋ። ራሱ ነው አሉ በየገበያው ‹እኔ ነኝ› እያለ ሲያወራ የነበረው። ትንሽ ሳይነካው አይቀርም። ሬሳውን ከልጁ ጋር ከፊት የተሸከመው ደመቀ የሚሉት ሰው ነው።»

የአያ ቸኮልን ስም እንኳ አያውቅም። «አውቃቸዋለሁ፣ ዝንብ ማሰር ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው» ልል አፌን ከፈትሁና፣ «አህያህ ጭነቷ አዘንብሏል» አልሁት። ጭነቱን አብረን አቃናን። ቤቴ ስገባ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። አንድ ሰው በአንድ ቅርጫት ዓሣ ብቻ ሊታወስ አይገባም።

እኛ የጉማራ ወንዝ ዳር ሰዎች አራሾች ነን። ጤፍና ገብስ እንዘራለን፣ ከብት እናረባለን። ከመሐላችን ጥቂቶቹ ግን ዓሣ በዝንብ የምናጠምድ ማኅበርተኞች ነበርን። ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ስለ ነበር ማኅበራችንም የጴጥሮስ ነው። በየወሩ በአምስተኛው ቀን ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄሱ ይባርካሉ፣ ጽዋው ይከፈታል፣ እንበላለን፣ ጽዋው ወደ ባለተራው ቤት ይሄዳል። እንደ ማንኛውም ማኅበር የሚመራን አንድ ሙሴ አለን። ሙሴያችን አያ ቸኮል ነበሩ።

ዝንብ የምንለው የሚበርረውን አይደለም። ባለ እጁ፣ ቀጥቃጩ፣ ከመርፌ አጥፎ የሠራልንን መንጠቆ ላባና ክር እናለብሰዋለን፤ በፈረስ ጭራ ገመድ እናስረውና ከሸምበቆ ዘንግ ጫፍ ሆኖ ውሃው ላይ ይወድቃል። ዓሣው ከሥር ሆኖ ሲያየው ነፍሳት መስሎት ይጎርሠዋል። ጎረቤት «ባለዝንቦች» ይለን ነበር፤ ይህ ሙገሳ አልነበረም። ሞፈርና ቀንበር ያለው ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ላባ ሲወረውር ማየት ለአገሩ ሳቅ ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችን ዘንጋችንን ከሞፈሩ ጋር አስረን፣ እርሻ የምንወርድ መስለን ነበር የምንወጣ። አያ ቸኮል ግን ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በገበያ መሐል ያልፋሉ። «ዛሬስ ስንት ዝንብ አረዱ?» ሲሏቸው፣ «ገና ነው፤ አንተ ዘንድ የሰባ ካለ ላክልኝ» ይላሉ።

ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሲቸኩሉ ያያቸው የለም። ዝንብ የሚያስሩት ጠዋት፣ ፀሐይ ደጃፋቸውን ስትመታ ነው። መንጠቆውን በግራ እጃቸው ጣቶች ይይዛሉ፤ ክሩን በጧፍ ሰም ያሻሉ፤ ላባውን ከማሰራቸው በፊት አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው እንደ ሕፃን ጠጉር ያስተኙታል። ላባውን የሚያገኙት ከአውራ ዶሮ አንገት ነው። አንድ ጊዜ ለፋሲካ ዶሮ ልንገዛ አብረን አንበሳሜ ገበያ ወረድን። ሰው ሁሉ የዶሮውን ደረት ይጨብጣል፤ እርሳቸው አንገቱን ወደ ብርሃን አዙረው ላባ ላባውን ይገልጣሉ። በመጨረሻ አንድ ያረጀ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ገብስማ አውራ ይዘው ተመለሱ። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ገና ከበር ሲያዩት፣ «ይህን በእሳት ነው በጸሎት የማበስለው?» አሉ። ዶሮው እስከ ቀትር ተንተክትኮ አልበሰለም። አያ ቸኮል ጥርሳቸው እየታገለ፣ «አንገቱን ግን አየሽው?» ሲሉ እትዬ ስንዱ ሳቃቸው መጣባቸው።

እኔ ያን ጊዜ ቅኔ ቤት ጀምሬ ያቋረጥሁ፣ ያገኘሁትን ብራና ሁሉ ለብቻዬ የማነብ፣ ያየሁትን ሁሉ ግጥም የማደርግ ሰው ነበርሁ። ስለ ዝንብ ረዘም ያለ ግጥም ገጥሜ አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ላባው በዛ» አሉኝ። «ይህን ያህል ላባ ያለው ዝንብ ዓሣ ይሸሸዋል። ብረቱ የታለ?» ተቀይሜ ሄድሁ። ሳምንት ሙሉ እየነጨሁ ሁለት መስመር ብቻ አስቀርቼ ተመለስሁ፦

ላባ ለብሶ መጣ ብረቱን ሸሽጎ፤
ዓሣው ተቀበለው እንግዳ አድርጎ።

«ይህቺን ይጎርሣል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስጽፍ ሁሉ ያ አውራ ጣት ይታየኛል።

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። ባዶ እጃችንን ስንመለስ ወንዙን አይረግሙም፣ ዝናቡን አያማርሩም፤ «ዛሬ አልፈለጉንም» ብለው ገመዳቸውን ይጠቀልላሉ። በወንዝ ዳር ዓሣ እንዳይደነግጥ ረግጠው አይራመዱም፣ ጮኸው አይናገሩም። ይህ ልማድ ቤትም ተከትሏቸው ይገባል። ከሰው ቤት ሲወጡ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከውስጥ የተኛ ያለ ይመስል ቀስ አድርገው ነው የሚገጥሙት። የማንንም ቤት በር ክፍት ትተው ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

የማኅበራችንን ደንብ ያወጡት እርሳቸው ናቸው። በጽዋው ፊት የሚቀርብ ዓሣ ከንፈሩ የተቀደደ መሆን አለበት። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ከንፈሩ ላይ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ በብርብራ የሞተ ግን አፉ ደኅና ነው። ብርብራ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው ይሰክራል፣ ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ ይንሳፈፋል፤ ትልቅ ትንሽ አይመርጥም። በክረምት ደግሞ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ተነሥቶ ጉማራን ሽቅብ ይወጣል፣ ወይራው ሥር ካለው ኩሬ ይሰበሰባል። በዚያን ጊዜ ብርብራ መጨመር የከርሞውንም የተከታዩንም መግደል ነው። ስለዚህ ደንቡ፣ ብርብራ የጨመረ ከማኅበሩ ይውጣ፣ ጽዋውን አይሳለም ይላል።

ይህ ደንብ በመጀመሪያ የወደቀው በደመቀ ላይ ነው። ደመቀ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ ቁጥብ፣ ዘንግ አወራወሩ ከአያ ቸኮል ቀጥሎ የሚደነቅ ጎልማሳ ነበር። ሚስቱ ወልዳ ጡቷ ደረቀ፤ አዋላጆቹ የዓሣ መረቅ ትጠጣ አሉ። ክረምት ነው፣ ውሃው ደፍርሷል፣ ዓሣ ዝንብ አያይም። ደመቀ ከዳር ካለች ትንሽ ኩሬ እፍኝ ብርብራ ጨመረ። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ተናገረ። በመስከረም አምስት፣ እንደ ተከታዩ ዓመት ሁሉ ተራው የአበጋዝ ነበርና፣ ደመቀ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ አበጋዝ ደጃፍ ተንበረከከ። አያ ቸኮል በሩ ላይ ቆሙ።

«አያ፣ አራስ ናት» አለ ደመቀ። «ልጁ ሲያለቅስ ልቤ ጠፋ። እፍኝ ናት የጨመርሁ።»

«እፍኙም ብርብራ ነው።»

«እንግዲያው ጽዋውን ልሳለምና ልሂድ።»

«ድንጋዩን አውርድና ወደ ቤትህ ግባ፣ ልጄ።»

በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ አድርገው ገጠሙት። ድንጋዩ መሬት ሲያርፍ ሰማን። ከዚያ ጽዋው ተከፈተ፣ ጠጣን። የሚያሳፍረው እንዲያውም ኮርተንባቸው ነበር፤ አበጋዝ «ሙሴ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። በጥር የደመቀ ሚስት ሞተች። ማኅበርተኛ ሲያዝን ማኅበሩ ወጥቶ መቅበር ልማዱ ነው። እኛ ግን ደመቀ ወጥቷልና አልወጣንም። ከማሳችን ቀና ብለን አስከሬኑ ሲያልፍ አየንና እንደገና ጎንበስ አልን። አያ ቸኮልም ጎንበስ አሉ። ድንጋዩ እዚያው አበጋዝ ደጃፍ ቀረ። ጭቃ ሲሆን የእግራችንን ጭቃ የምንጠርግበት እሱ ነበር።

በተከታዩ ክረምት ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው ደብረ ታቦር ከረሙ። ወታደር ሊያድርና ሊበላ በየቤቱ ተመራ። ጋፋት ለሚሠራው የብረት ሥራ እንጨትና ድንጋይ የሚጎትት ሰው ተፈለገና የአያ ቸኮልን ልጅ ታከለን ከአረም ላይ ወሰዱት። እትዬ ስንዱ ስንቅ አድርሰው ሲመለሱ፣ «ገመዱ ትከሻውን ልጦታል፤ ሌሊት ሌሊት ያተኩሰዋል፤ እዚያ የሞተም አለ» አሉ። አያ ቸኮል አንዱን ሻለቃ ደጅ ጠኑ። ጾመ ፍልሰታ ነበር። ሻለቃው ለቡሄ እንግዶች ጠርቶ ኖሮ፣ «ባለዝንቡ አንተ ነህ አሉ። ለበዓሉ አንድ ቅርጫት ሙሉ ዓሣ አምጣና ልጅህን ውሰድ» አላቸው።

ጉማራ ሞልቶ፣ እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ ይወርዳል። አያ ቸኮል ከንጋት እስከ ምሽት ዝናብ ላይ ቆመው ዝንብ ወረወሩ። ያላቸውን ዝንብ ሁሉ ቀያየሩ፤ ቀዩን፣ ገብስማውን፣ ነጩን። እኔ አንዱን ቀን አብሬያቸው ነበርሁ። ስንመለስ «ዛሬ አልፈለጉንም» እስኪሉ ጠበቅሁ፤ አላሉም። ቀጥሎ የሆነውን እትዬ ስንዱ ናቸው በኋላ የነገሩኝ።

«ዋዜማው ነው» አሉኝ። «‹ደመቀ ያደረገውን ያድርጉ እንግዲህ› አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። ሙቀጫውን ራሳቸው አወጡ። ‹ያምጡ እኔ ልውቀጥ› ብላቸው፣ ‹ይህ ያንቺን እጅ አይንካው› አሉኝ። ሲወቅጡ አቤት፣ በሩን ዘግተው፣ ሙቀጫው እንዳይሰማ ከሥሩ የቆዳ ጀንዲ አንጥፈው!»

በማግስቱ ማለዳ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ በየደጃፋችን ታች ወረደ። እንደዚያ ያለ አይተን አናውቅም፤ ውሃው ነጣ። እናቶቹ እንቁላላቸው ገና በሆዳቸው ነበር። ሕዝቡ በቅርጫት፣ በወንፊት፣ በነጠላው ሳይቀር ገባ። ማን ጨመረው ብሎ የጠየቀ የለም። አበጋዝ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ «ጴጥሮስ ላከልን! ጴጥሮስ ላከልን!» እያለ ወደ ዳር ይወረውራል። እኛም ማኅበርተኞቹ አነሣን፤ የእናቴም ቅርጫት ሞላ። ታከለ በቡሄ ዕለት ቤቱ ገባ። አባቱ ትከሻውን በቅቤ እያሹ፣ «ዓሣውን በምን ያዙት፣ አባባ?» ቢላቸው ወደ ሌላኛው ትከሻው አለፉ አሉ።

እንግዲህ በመስከረም አምስት አበጋዝ ቤት የተሰበሰብነው ከዚህ በኋላ ነው። አበጋዝ የዚያን ዕለቱን ዓሣ ከነጭንቅላቱ በጭስ አድርቆ አኑሮት ነበርና ለበዓሉ ወጥ አሠራው። ሚስቱ ድስቱን አምጥታ ገበታው ላይ አወጣችው። ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። አያ ቸኮል እጃቸውን ሰደዱና አንዱን የዓሣ ጭንቅላት ወደ ብርሃን አዞሩት። በአንበሳሜ ገበያ የዶሮውን አንገት እንዳዩ፣ ከንፈሩን በአውራ ጣታቸው ገለጡት። «አልተቀደደም» አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን አዞሩ። ሦስተኛውን። ከዚያ ነው «የጨመርሁ እኔ ነኝ» ያሉትና አበጋዝ «አልሰማንም» ብሎ የጮኸው።

«ደመቀስ ለማን ብሎ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ አበጋዝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ፣ እኛም እኮ አንስተናል። እኛን ምን ሊያደርጉን ነው? ደንቡ የጨመረ ይውጣ ነው የሚለው፤ ያነሣ አላለም።»

«አላለም» አሉ አያ ቸኮል። «ደንቡን ያወጣሁ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ገድሎት ወርዶ ስናገኘው እናነሣለን ብዬ አላሰብሁም ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።»

አንድ ሰው ሊስቅ ሞከረና ተወው። ሁላችንም እጃችንን ከገበታው ሰብስበን ጉያችን ከትተን ነበር። በአንድ ወቅት አሳፋሪ የሆነው ዝንብ መወርወራችን ነበር፤ አሁን ግን ከዚያ ቤት ውስጥ ዝንብ ወርውሮ የያዘውን ዓሣ ያቀረበ አንድም ሰው አልነበረም።

አያ ቸኮል ብድግ አሉ። ከኩታቸው ጥግ ላይ ሰክተው የሚይዟትን ገብስማ ዝንብ ነቅለው ከተከደነው ጽዋ አጠገብ አኖሯት።

«ሙሴ ሳይኖር ጽዋ አይከፈትም!» አለ አበጋዝ። አሁን እውነት ደንግጦ ነበር። «ማኅበሩን ሊያፈርሱት ነው? ይህን ሁሉ ዘመን የቆየ ማኅበር!»

«በጥር ፈርሷል» አሉ። «አልሰማነውም እንጂ።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት በዚህ ዝናብ?»

«ደመቀ ቤት።»

«ደመቀ አያስገባዎትም!»

«እኔስ መቼ አስገባሁት?»

ደመቀ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ከዚያ ወዲያ ግን ከማሳዬ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ወይራው ሥር፣ ዓሣ በሌለበት ኩሬ ዳር፣ ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ቆመው። ሁለቱም ወደ ማኅበሩ አልተመለሱም። እርሳቸውም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ሰው «የጨመርሁት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር፤ ነጋዴው የሰማው ይህን ነው።

ያን ዕለት ግን ይህን ገና አናውቅም። አያ ቸኮል በሩን ከፍተው ወጡ። እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው በሁለት እጃቸው እስኪገጥሙት ጠበቅን። እርሳቸው ግን ደጃፉ ላይ ጎንበስ አሉ። ጭቃ የምንጠርግበትን የደመቀን ድንጋይ ከመሬቱ ነቅለው፣ የኛ ጭቃ እንዳለበት አነሡትና አንገታቸው ላይ አደረጉት። ድንጋዩ እንዳይወድቅ በሁለት እጃቸው ያዙት። ስለዚህ በሩን መዝጋት አልቻሉም። ጎንበስ እንዳሉ በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል ሲሄዱ፣ ሁላችንም ከተቀመጥንበት እናያቸው ነበር። የተነሣ ሰው አልነበረም። ቄሱ ዓይናቸውን መስቀላቸው ላይ ተከሉ።

«ብርድ ገባ» አለ አበጋዝ። ተነሣና በሩን ዘጋው።